ደጋ ላይ አልፈራሽም ነበር

ውድ ዝማሬ፣

ስልኬን እንደማታነሺ ሳውቅ በወረቀት ልጻፍልሽ አልኩ። ሺሺንዳ ከተማ አክስትሽ ሱቅ ሥራ መግባትሽን፣ ሩጫውንም እርግፍ አድርገሽ መተውሽን ሰማሁ። ያስተውኩሽ እኔ ነኝ። እንዴት እንደሆነ ግን እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

የአርሲውን የሩጫ ካምፕ ማጣሪያ መቼም አትረሺውም። በዋዜማው እንድረስ ያልኩት እኔ፣ አሰልጣኛችሁ ነኝ ባዩ ነበርኩ። አንቺ "ቀደም ብለን ብንሄድስ?" ስትዪኝ፣ "የካፋ ልጅ ሆነሽ ደጋ ትፈሪያለሽ? ተራራ ላይ አይደል እንዴ ያደግሽው!" ብዬ ሳቅኩ። ቦታው ከቦንጋ በሺህ ሜትር ከፍ እንደሚል ጠፍቶኝ አይደለም። የስፖርት ሳይንስ ዲግሪዬን ከተቀበልኩ ወር ያልሞላኝ፣ ሁሉ በእጄ ያለ የመሰለኝ ሰው ነበርኩ።

በማግስቱ ጠዋት ስታሟሙቂ ሦስት ጊዜ ሽንት ቤት ተመላለስሽ። ሳትሮጪ ልብሽ ይደልቅ ነበር። በሁሉም ፊት "ምነው፣ ከአሁኑ ተርበደበድሽ?" አልኩሽ። የቡድናችን ልጆች ሳቁ። አንቺ ቀስ ብለሽ፣ "ፍቅሩ፣ አልፈራሁም። ሰውነቴ የራሴ አልመስል አለኝ" አልሽ። አላመንኩሽም። ከመጨረሻ ሁለተኛ ሆነሽ ገባሽ።

መስከረም ላይ ከቦንጋ ከፍ ያለው አዲዮ ደጋ ላይ ስፖርት እንዳስተምር ተመደብኩ። የመጀመሪያው ቀን ተማሪዎቹን ትቼ ሁለት ጊዜ ወደ ሽንት ቤት ሮጥኩ። ለሦስተኛው ስነሳ አንዷ፣ "ቲቸር፣ ፈርተውን ነው እንዴ?" አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አንቺ ነበርሽ የታወስሽኝ።

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ጋሽ ተክለጻድቅ ስመላለስ ሲያዩኝ፣ "ደጋ እንግዳውን ወዲያው አያቅፍም ልጄ፤ ወር ስጠው" አሉኝ።

የዩኒቨርሲቲ ደብተሬን ገለጥኩ። ሁሉም በገዛ እጄ ተጽፏል። አየሩ ሲሳሳ ጨውና ውሃ የሚያስቀረው ሆርሞን ይቀንሳል፤ ሽንት ይበዛል። አድሬናሊን ይጨምራል፤ ልብ ይፈጥናል። ኩላሊት ደግሞ ቀይ የደም ሴል እንዲመረት በሆርሞን መልእክት ወደ አጥንት መቅኔ ይልካል። መልእክቱ በሰዓታት ይነሳል፤ ሴሎቹ የሚበዙት ግን በሳምንታት ነው። ይህን ለፈተና ሸምድጄ ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ። ሰውነትሽ ፊቴ ቆሞ ሲሠራው ግን ፍርሃት ነው አልኩት።

እሑድ ቦንጋ ወርጄ ሜዳው ላይ ለልጆቹ ተናገርኩ፦ "ዝማሬ አልፈራችም። ያልገባኝ እኔ ነኝ።" ያን ጠዋት ከሁሉ አብልጣ የሳቀችው ሩሀማ፣ "ለኛ ምን ያደርግልናል? ለሷ ነግረሃታል?" አለችኝ። ያኔውኑ ደወልኩልሽ፤ አላነሳሽም።

ለካምፑ አሰልጣኝም ደወልኩ። ጥር ላይ ሌላ ማጣሪያ አለ። ጥፋቱ የኔ እንደሆነ ስነግረው፣ "እንግዲያውስ ወር ቀድማ ትምጣ፤ ማደሪያ አናጣላትም" አለ። እኔ አልመጣም፤ የኔ ዓይን አይከብድብሽም። ሱቁን ከመረጥሽም ደግ ነው፣ ምርጫሽ ነው። ብቻ ፈሪ ነኝ ብለሽ እንዳትቀሪ። ያን ጠዋት ፊሽካው ሳይነፋ ሰውነትሽ ሥራውን ጀምሮ ነበር። ጊዜ የነፈግኩት እኔ ነኝ።

ይቅርታሽ ቢዘገይም የማይቀየምሽ፣
ፍቅሩ
ከአዲዮ