ፎቶሽን ለብሼ ወደ መተማ

ውብዬ፣

ደብዳቤ ስጽፍ ሰላምታው ብቻ አንድ ገጽ ይፈጃል እያልሽ ትስቂብኝ ነበር። ዛሬ አሳጥሬዋለሁ። ጤናሽን አልጠይቅም፣ የኔንም አልነግርሽም። ከተለየሽኝ አንድ ዓመት ከሰባት ወር ሆነ። የካርቱሟ ሰፈራችን ካላክላ ያው ካላክላ ናት፤ አቧራውም ግፊያውም አልጎደለም። የጎደልሽው አንቺ ነሽ።

ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራሽ ይወስድሽ የነበረው ሃፍላ አውቶቡስ አሁንም ከበራችን ጥግ ይቆማል፤ ረዳቱም ጣሪያውን እየደበደበ ይጣራል። መጀመሪያ ሰሞን ድምፁን ስሰማ ልቀሰቅስሽ እጄን እሰድ ነበር። ቤቷን ትሠሪላት የነበረችው የአል-ጣኢፍ ሰፈሯ እመቤትሽ ሌላ ልጅ ቀጥራለች። አትቀየሚያት፤ ለልቅሶሽ መጥታ ከኛ ሴቶች ጋር መሬት ላይ ተቀምጣ ከልቧ ነው ያለቀሰችው። ልብሶችሽን ለነዳያን ሰጠሁ፣ እንደ ሱዳኖቹ የምትጠቀለዪባትን ሰማያዊዋን ቶብ ብቻ አስቀረሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ ስትጨቀጭቂኝ የኖርሽበትን የሚያፈስ ጣሪያም አበጀሁት። አዎ፣ አበጀሁት! አንቺ ከሄድሽ በኋላ፣ በአንድ ከሰዓት። እንዲህ ቀላል መሆኑን ባውቅ ኖሮ ልል ነበር፤ ግን አውቅ ነበር። ስንፍና ነው።

እኔ ያው ገበያው ዳር፣ ኒሟ ዛፍ ስር ነኝ። ጎማ እለጥፋለሁ፣ ሰንሰለት እቀጥላለሁ። ሱዳኖቹ ብስክሌትን አጀላ ነው የሚሉት፤ ሃያ ዓመት አብሬያቸው ኖሬ እኔም ሌላ ስሙ አፌ ላይ አልመጣ ብሏል። እና አሁን ስሚኝ፣ ልትስቂ ነው። ባልሽ፣ ያ ጉልበቱን እያሸ የሚያድረው ባልሽ፣ በአጀላ መተማ ድረስ ሊሄድ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እድራችን በዚህ አገር የሞተ ሰው አስከሬኑ ለአገሩ አፈር እንዲበቃ የሚረዳበት ገንዘብ ላሰባስብ ብሎ ተነሳ። ወጣቶቹ ደግሞ በአጀላ እንሂድ፣ በየከተማው ያለው ሐበሻ አይቶን ይስጥ አሉ። ከካርቱም ተነስተን በመደኒ፣ በገዳሪፍ አድርገን እስከ ጋላባት ስድስት ቀን፤ ከዚያ ድልድዩን ተሻግረን መተማ። ስምንት ነን። ሰባቱ በዕድሜ ልጆቼ ይሆናሉ፤ የቀን ሥራ እየሠሩ የሚያድሩ፣ እግራቸው እንደ ሽቦ የጠነከረ ጎረምሶች ናቸው። ስምንተኛው እኔ። ስንቅና ውሃ የሚይዝ አንድ ቦክሲ መኪና ከኋላ ይከተለናል። የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ደምሴ የፖሊስ ፈቃዱን ለማውጣት ሁለት ወር ተመላለሰ። ቡክራ፣ ኢንሻላህ፣ ቡክራ፣ ነገ ና ነገ ና ሲሉት ከርመው መጨረሻ ላይ የፈረሙለት ተሰላችተው ይመስለኛል።

አጀላዎቹን ሁሉ ያሰናዳሁት እኔ ነኝ። የስምንቱንም ጎማ ቀየርኩ፣ ፍሬኑን አጠበቅሁ፣ መቀመጫውን በየሰው ቁመት ልክ አደረግሁ። ጎረምሶቹ የሚያብረቀርቅ ነገር ይወዳሉ፤ ደወልና መብራት ግጠምልን ይሉኛል፣ መለዋወጫ የውስጥ ጎማ፣ ከመነዳሪ ያዙ ስላቸው አይሰሙም። አርብ አርብ ለልምምድ በስተደቡብ ወደ ጀበል አውሊያ እንወጣለን። ስንሄድ የሰሜኑ ነፋስ ከኋላ እየገፋን ሁላችንም ጀግና ነን፤ ስንመለስ ፊት ለፊት ሲመጣ ግን አሸዋውን አፋችን ውስጥ ይሞላውና ወሬ ይጠፋል። ባለፈው ጉልበቴ ስለያዘኝ ወርጄ ስገፋ አንዱ አይዞህ አባቴ ብሎ ጀርባዬን መታ አደረገኝ። አባቴ! ለካ አርጅቻለሁ።

በአንድ አርብ ሱዳኖቹ ለጁምዓ ሰላት ገብተው መንገዱ ጭር ሲል አጀላ ላስተምርሽ የሞከርኩበት ቀን ትዝ ይለኛል። ቀሚስሽን ሰብስበሽ፣ ነጠላሽን አንገትሽ ላይ ጠምጥመሽ፣ ጎረቤት እንዳያይ ግራ ቀኝ እያየሽ። መሃል መንገድ ላይ ሳቅ ያዘሽና ሁለታችንም ቦዩ ውስጥ ገባን። ማታ እግርሽን በሞቀ ውሃ ሳጥብልሽ በዚህ ሥራ ነው ወይ እንጀራ የምትበላው ብለሽ ተሳለቅሽብኝ። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ የሳቅሁበትን ቀን አላስታውስም።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ስሸሸው ነው እዚህ የደረስኩት።

ለጉዞው ነጭ ካናቴራ አሳትመዋል። ደረቱ ላይ ያንቺ ፎቶ አለ፤ ያ ለመኖሪያ ፈቃድ የተነሳሽው፣ ከንፈርሽን ገጥመሽ ፎቶ አንሺውን የተቆጣሽበት። ከፎቶው ስር፣ እንደ እሷ ማንም በሰው አገር እንዳይቀር የሚል ተጽፏል። ጋሽ ደምሴ በየስብሰባው ታሪክሽን ይናገራል። የሞትሽ ዕለት ወደ ጋላባት ጭኖ የሚሄድ ሾፌር ተለምኖ እምቢ እንዳለ፣ ልቡ ድንጋይ እንደሆነ፣ በዚያ ሐሩር አስከሬኑ ማደር ስለማይችል እዚሁ እንደቀበርንሽ። ሰዉ ያለቅሳል፣ እጁን ኪሱ ይከታል። ከዚያ ዞሮ እኔን ያየኛል። እኔም አንገቴን ደፍቼ እቀመጣለሁ።

ውብዬ፣ ሾፌሩ እምቢ አላለም።

ያን ጠዋት፣ ሦስት ቀን ብቻ በትኩሳት ተኝተሽ ወባ ናት እያልን እጃችን ላይ ባረፍሽበት ጠዋት፣ እነ ጋሽ ደምሴ ወረቀት ሊያስጨርሱ ሲሮጡ እኔን ወደ ጭነት መኪኖቹ ተራ ላኩኝ። ሾፌሩ ጢሙ ነጭ የሆነ ሽማግሌ ነበር፤ ሳሙና ጭኗል። የመጣሁበትን ስነግረው አላህ ይርሐምሃ፣ ነፍሷን ይማር ብሎ እጄን ያዘ። ሚስት የሞተበትን ሰው ገንዘብ አልቀበልም አለ። ወዲያው መኪናው ላይ ወጥቶ ቦታ ሊሠራልሽ ካርቶኖቹን ማውረድ ጀመረ። እኔ ቆሜ አየው ነበር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ካርቶን። ቀብሬያት ስመለስ ወደዚያች ክፍል ብቻዬን ልገባ ነው፣ እሷ ደግሞ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ርቃ ልትተኛ ነው ብዬ አሰብኩ። በቃ ይኸው ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። መዓሌሽ፣ ይቅርታ፣ ነገሩ ተለውጧል ብዬው ተመለስኩ። ለሽማግሎቹም እምቢ አለ አልኳቸው። በዘጠኝ ሰዓት ቀበርንሽ።

ከዚያ ሐዘኑም ንዴቱም ተደባልቆ የእድሩ ሰው እንዲህ አይነት ግፍ አይደገምም አለና ይህን ነገር ጀመረ። ጉዞው ሁሉ የቆመው በኔ ውሸት ላይ ነው። ያ ደግ ሽማግሌ ስሙን እንኳ ሳላውቀው በየቤቱ ይሰደባል። በዚያ በጭነት መኪኖቹ በኩል ማለፍ ትቻለሁ።

እናትሽ እማማ ትርንጎም አገር ቤት ሆና በዚሁ ውሸት ነው የምትኖረው። መርዶሽን ሽማግሎች ጎህ ሲቀድ ሄደው ነግረዋት፣ የምታለቅስበት ሬሳ ቢያጡላት ያስቀመጠችልሽን ቀሚስ መሬት ላይ ዘርግታ ደረቷን መታች አሉኝ። ሙት ዓመትሽንም እንደዚሁ ባዶ ሜዳ ላይ አወጣች። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆማ ሾፌሩን ለእግዚአብሔር ትሰጠዋለች። ለገና ስደውልላት ጉዞውን ከነጋዴዎች ሰምታ ጠበቀችኝ። ድልድዩ ድረስ እመጣለሁ፣ የሌላዋን እናት እንባ ሊያብስ የሚመጣውን የልጄን ባል ጉልበት ልሳም አለች። እኔ ልጇ የምሆን ሰው ጉልበቴን! ስልኩን ዘግቼ ውጭ ወጣሁ።

ለነፍስ አባቴ ተናዘዝኩ፤ ንስሐ አድርገው ስግደት ሰጡኝ። በዚህ ጉልበት! ሰገድኩ፣ አልቀለለኝም። ባለፈው ሳምንት ደግሞ አጀላዬን ይዤ ቡሪ ሰፈር ጋሽ ደምሴ ቤት ሄድኩና ሁሉንም ነገርኩት። የሚጠጣውን ሻይ አስቀመጠ። ለማን ተናገርክ አለኝ፣ ለነፍስ አባቴ አልኩት። እንግዲያው እዚያው ይቅር አለ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ አሁን ብታወራ ሰዉ ጠቅላላውን ውሸት ነው ብሎ ይበተናል፣ ነገ የሚሞተው ልጅ ምን አደረገህ አለኝ። ለእናቷስ ስለው፣ አንድ ጊዜ ላዘነች እናት ሁለተኛ ሐዘን አትጨምርባት አለ። ተቆጥቶ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። በር ድረስ ሸኝቶኝ ትከሻዬን ያዝ አደረገኝ። ከዚያ ወዲህ ስብሰባ ላይ የሾፌሩን ነገር አያነሳም።

ጋሽ ደምሴ ያልገባው አንድ ነገር አለ፤ ላንቺ ግን ልደብቅሽ አልችልም። እኔ እርግማኗን አይደለም የምፈራው። ትርገመኝ። የምፈራው እናትሽ እውነቱን ስትሰማ አጽሟን አምጣልኝ እንዳትለኝ ነው። እዚህ ያስቀረሁሽ እኔ መሆኔን ካወቀች ማለቷ ደግሞ አይቀርም። በኛ አገር ጊዜው ሲደርስ አጽም ይፈልሳል፤ ብትጠይቅ መብቷ ነው፣ እድሩም እምቢ አይልም። ይህን ሁሉ ጊዜ ዝም ያልኩት ለዚህ ነው። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ ወዳንቺ እመጣለሁ አይደል? ነፋሱ ያመጣውን አሸዋ እጠርጋለሁ፣ ማን እንደወለደ፣ ማን ከማን እንደተጣላ አወራሻለሁ። ሳምንቱን የምገፋው በዚያች ሰዓት ነው። ሾፌሩን የመለስኩት ለዚያች ሰዓት ነው። እናትሽን የልጇን መቃብር ያሳጣኋት ለዚያች ሰዓት ነው፤ እኔ አንድ ቀን ሳላጣሽ እሷ አንድ ቀን አላገኘችሽም። ይህን ሳስበው ሌባ ነኝ። ሌላ ስም የለውም።

ነገ ጠዋት እንነሳለን። ካናቴራው ከጎኔ ተጣጥፏል፤ አለመልበስ አይቻልም፣ ሰዉ ሁሉ ይጠይቃል፤ ደግሞም ፊትሽን ደረቴ ላይ ይዤ መዋሸት ምን ያህል እንደሚከብድ ስድስት ቀን ሙሉ ልወቀው። ጉልበቴ እስከ ገዳሪፍ ከያዘልኝ ከዚያ በኋላ እየገፋሁም ቢሆን እደርሳለሁ። ለጋሽ ደምሴ ለሕዝቡ ሳይሆን ለእናትሽ ብቻ እንደምናገር ነግሬዋለሁ። አንገቱን ነቀነቀ፤ አዎ ይሁን አይሁን አላወቅሁትም።

ድልድዩ ላይ እናትሽ ጎንበስ ከማለቷ በፊት ሁለቱን ክንዶቿን እይዛታለሁ። ወደ ጥግ ወስጄ አስቀምጣታለሁ። ከዚያ የምላትን በጀበል አውሊያ መንገድ ላይ ከራሴ ጋር ስለው ከርሜያለሁ፤ እማማ፣ ሾፌሩ እሺ ብሎ ነበር፣ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ልጅሽን ለራሴ ብዬ አስቀረሁብሽ፣ ሾፌሩን አትርገሚው እላታለሁ። አጽሟን አምጣ ካለችኝም አመጣለሁ። በራሴ እጅ አንስቼ፣ መኪናው ላይ ከጎንሽ ተቀምጬ አመጣሻለሁ፤ ያኔ ማድረግ የነበረብኝን።

አልረሳሽም፣ ውብዬ። ይህን ለመሐላ ያህል አልልሽም፤ ልርሳሽ ብልም አልችልም። ጎማ ስለጥፍም፣ ደጅ ስከፍትም፣ ማታ አንድ ሰሃን ብቻ ሳጥብም አስብሻለሁ። ስምሽን ቄሱ በጸሎት ሲጠሩት፣ እዚህ ብታርፊም እዚያ ብታርፊም እሰማዋለሁ። አንቺ ወደ አገርሽ ከሄድሽ ግን፣ እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ እግሬ ወዴት እንደሚሄድ ገና አላውቅም።

ባልሽ
አያሌው