«ዋጥ ያድርጉት»

ቁሐር ሚካኤል፣ ኅዳር ፲፬ ቀን ፲፱፻፶፬ ዓ.ም.

ለልጄ ለአማከለች፣ አሥመራ

ዓይኔ አማከለች፣ ሰላምታውን ኋላ እሰጥሻለሁ፤ አስቀድመሽ ይህን ስሚ፦ እናትሽ በሕይወት አለች። ነጋዴው ማሩ ትናንት ቤታችን ሲለቀስ ሰምቶ ወደ እናንተ አገር ስለ ተነሣ፣ ወሬው ከደብዳቤዬ ቀድሞ ይደርስሽ ይሆን እያልሁ ተጨነቅሁ። አታልቅሺ። አለች።

ጎንደር ላይ ሆዷን ቀደው እባጩን ካወጡላት በኋላ፣ ወረታ ከመኪና አውርደን በቃሬዛ ቤቷ አገባናት። ተገላገልን ብለን ነበር። ግን ዝም አለች። ብጠይቃት «ደኅና ነኝ»፤ ፊቷ ላብ በላብ ሆኖ የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ። ታውቂያታለሽ እኮ፤ እኔን ሳትቆጣ ውላ የምታድር ሴት አይደለችም። ዝምታዋ አስፈራኝ። ዳዊት ደገምሁ፣ ጠበል አስመጣሁ፤ የኅዳር ሚካኤል ለት እንኳ ማኅሌቱን ትቼ ከራስጌዋ ተቀመጥሁ።

በማግሥቱ ከመደቡ ልትነሣ ስትል አንድ ጊዜ ጮኸች። ኧረ ምን ዓይነት ጩኸት! ሸክላ ሠሪዋ ጎረቤታችን አልጣሽ «ወይኔ እኅቴን!» እያለች ደረቷን እየደቃች ገባች፤ ሰፈሩም ነጠላውን አዘቅዝቆ ተከተላት። ማሩ የሰማው ይህንኑ ነው። እናትሽ ቀና ብላ «አንቺ አልጣሽ፣ አልሞትሁም፤ አመመኝ እንጂ!» አለቻት።

ሰዉን ሸኝቼ «ምነው እስከ ዛሬ ሳትነግሪኝ?» ብላት፣

«ሐኪሙ ነዋ! ‹ሲያምዎት ዋጥ ያድርጉት› አለኝ። ዋጥ አደረግሁት።»

«ምኑን?»

«ሕመሙን ነዋ!»

ከመቀነቷ ጫፍ የቋጠረችውን ፈታችልኝ፤ ሐኪሙ የሰጣት ኪኒን አንድም አልጎደለ። «ሕመሙን ዋጥ ማድረጉ እንቢ ሲለኝ፣ ለዚያ ቀን ይሆነኛል ብዬ አስቀመጥሁት» አለች። የኔ ጉድ! ልሳቅ ወይስ ላልቅስ? በውኃ ሰጠኋትና እንቅልፍ ወሰዳት። እኔ ደግሞ እስትንፋሷ አለ፣ የለም እያልሁ እጄን ካፍንጫዋ ሥር ሳላነሣ ቆየሁ።

ዛሬ ጠዋት ቁስሉን ገልጬ ባይ፣ የተሰፋበት ቀልቷል፣ አብጧል፣ ይፋጃል። ሽታም አለው። ያ ሁሉ ዝምታ ይህን ሸፍኖ ኖሯል። ነገ በቃሬዛ ወረታ አውጥተን ወደ ጎንደር ልንመልሳት ነው። ፈራሁ፣ ልጄ። በስንቱ ሰው ፍትሐት ላይ ቆሜያለሁ፤ እንዲህ ግን ፈርቼ አላውቅም።

እሷ «ደኅና ናት፣ አትምጪ በላት» ብላኛለች። ይኸው ጻፍሁት። እኔ የምልሽ ግን ሌላ ነው። ሐኪም ቤቱ በሴቶቹ ክፍል ወንድ አያሳድርም፤ ባለፈውም ከደጅ ነበርሁ፤ ሐኪሙ ሲነግራት ያልሰማሁት ለዚያ ነው። ሴት ልጅ ግን ከአልጋው አጠገብ ታድራለች። አሁንም ይህን ስጽፍ ከእንቅልፏ ነቅታ «አመመኝ» እያለች ትጣራለች፤ አጠገቧ ያለሁት እኔ፣ የምትጠራው ግን አንቺን ነው።

ሚካኤል በመንገድሽ ሁሉ ክንፉን ያልብስሽ፤ ከልጆችሽ ጋር በደኅና ያገናኘን።

አባትሽ
መሪጌታ ደሳለው