ከእትዬ ቡዜ ወደ እኔ የመጣው መስመር

ጥር 13

ዛሬ ሻይ ያፈላሁት አምስቴ ነው። ልጆቹ አዲስ ሥራ ይዘው ሲጯጯሁ ዋሉ። ካዛንቺስ እዚህ ፎቅ ላይ ስሠራ ስድስት ዓመቴ… ኮምፒውተሩ ውስጥ ምን እንደሚሠሩ ግን እስከዛሬ አልገባኝም። ጠረጴዛ መወልወልና ሻይ ማፍላት ይገባኛል። ስምንተኛ ክፍል ላይ ላቆመች መች አነሰ!

ሥራው የእኛው ሰፈር ነው ለካ። ሊነሳ ነው የተባለውን ሰፈር ሰው በሙሉ መመዝገብ… ማን የት ይኖራል፣ ማን የማን ዘመድ ነው። ምትክ ቤት የሚሰጠው እሱ ታይቶ ነው አሉ። ዳግም፣ አለቃቸው፣ "ማዘር፣ እርስዎም ሊገቡ ነው" አለኝ። "ከነወሬዬ ነው ወይስ ወሬዬን ውጭ ላስቀምጥ?" አልኩት። ሳቁ።

ቤት ስገባ ለእትዬ ቡዜ ነገርኳት። ግቢያችን ሁለት የቀበሌ ቤት ነው፣ አንዱ የኔ፣ አንዱ የሷ። ሬዲዮዋን ዘጋች። ሰው ሲገባ፣ ዜና ሲያልቅ፣ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ… ሁሌ ትዘጋዋለች፣ ባትሪ እንዳያልቅ። "ያንሱኝ" አለች። "ብቻ በር ያለው ይስጡኝ። የራሴ በር።" አንገቷ ላይ ያሰረችውን ቁልፍ ይዛ ነው የምታወራው። አርባ ዓመት በሰው ቤት ሠራተኛ ሆና ነው የኖረችው። ይቺን አንድ ክፍል ያገኘቻት ጉልበቷ ካለቀ በኋላ።

ጥር 15

ፍዮሪ፣ ከልጆቹ አንዷ፣ አስረዳችኝ! ይቺ ልጅ ሰው ታከብራለች። ሻዩን ሳስቀምጥላት ስክሪኑ ላይ ክብ ክብ ብቻ… በመስመር የተያያዘ። የሸረሪት ድር በለው። "ምንድነው ይሄ የኔ እናት?" አልኳት።

"እያንዳንዱ ክብ አንድ ነገር ነው፣ እትዬ ወርቄ። መጀመሪያ ዓይነቱን እንነግረዋለን። ይሄ ሰው ነው፣ ይሄ ቤት ነው፣ ይሄ ዕድር ነው። ዓይነቱ ካልታወቀ ኮዱ፣ ለኮምፒውተሩ የምንጽፈው ትእዛዝ፣ አይቀበለውም።"

"ምን ቸገረው?"

"ቤት ሚስት እንዳያገባ ነዋ!"

መስመሩም ስም አለው። ይኖራል፣ ልጁ ነው፣ ሚስቱ ናት… ሁሉ ነገር በሦስት ነው የሚጻፈው አለች፦ ከማን፣ በምን፣ ወደ ማን። ክቡ ደግሞ የራሱ አድራሻ አለው፣ ሌላ መሥሪያ ቤትም ያንኑ ሰው በዚያው አድራሻ ያገኘዋል። "እስቲ ይሞክሩት" አለችኝ። ሞከርኩ።

ወርቄ — ታፈላለች — ሻይ።

አጨበጨበችልኝ። እስከ ቤቴ ድረስ ስለው መጣሁ። ቡዜ — ትወዳለች — ሬዲዮ። ታክሲ — አይቆምም — ኡራኤል። ብቻዬን እየሳቅኩ… ያየኝ ሰው አበደች ብሏል።

ጥር 22

ዛሬ ኡራኤል ነግሦ ዋለ። ስመለስ ከታች በኩል ያሉት አጥሮች ላይ ቀይ ቀለም፣ የሚፈርስ ቤት ምልክት… ማን እንደቀባው ያየ የለም። የእኛ ግቢ ገና ነው። እትዬ ቡዜ በሯን በእርጥብ ጨርቅ ስትወለውል አገኘኋት።

"ምን ሆነሽ ነው በዓመት በዓል?"

"ሲቀቡት ንጹሕ ይሁን ብዬ።"

ልስቅ አልኩ። አልመጣልኝም።

ጥር 27

ልጆቹ ተጨንቀዋል። የዘመድ መረጃ ጎደለ፣ የድሮው ፋይል ግማሹ ውሃ ገብቶበታል አሉ። እኔ ደግሞ አፌ! "የሰፈሩ ዕድር መዝገብ እኔ ጋ አይደል እንዴ? ጸሐፊዋ እኔ ነኝ" አልኩ። ማን ቢሞትበት ዕድሩ ለቅሶ እንደሚቀመጥለት በየአባሉ የተጻፈበት ነው… እናት፣ አባት፣ ልጅ፣ እህት፣ ወንድም። የሁለት መቶ ቤት ዘመድ፣ ከነማኅተሙ። ዳግም ከወንበሩ ተነሳ። "ማዘር! ይሄን ሁሉ ጊዜ ሻይ ሲያፈሉልን?"

የዕድሩን ሊቀመንበር ጋሽ መዝገቡን አስፈቀድኩ። "ሰፈሩን የሚጠቅም ከሆነ ስጫቸው" አሉ። ሙሉ ቀን ገጹን በስልክ ሲያነሱ ዋሉ። ኮራሁ… ለምን እዋሻለሁ።

የካቲት 3

የዕድሩ መዝገብ ኮምፒውተሩ ውስጥ ገባ። ፍዮሪ እኔን ፈልጋ አሳየችኝ። ስሜ ክብ ውስጥ! ከሥሩ "ሰው" ይላል። "እሱንስ እኔም አውቃለሁ" አልኳት። ከኔ ወደ ሟቹ ባሌ መስመር፣ ድሬዳዋ ወዳለው ልጄ መስመር። አንድ ደግሞ ወደ እትዬ ቡዜ። እህት።

ክው አልኩ። ረስቼው ነበር እኮ።

አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። በጠና ታማ ነበር። "ስሞት ለቅሶ የሚቀመጥልኝ ማነው?" ብላ አለቀሰች። ዕድሩ ከሃምሳ ዓመት በላይ አዲስ አባል አይቀበልም። ብዕሩ እኔ እጅ ላይ… ከስሜ ሥር "እህት፦ ቡዜ" ብዬ ጻፍኳት። በእኛ ሰፈር ስንቱ እንዲህ አድርጓል! ወገን የሌለውን ሰው ማን ያለ አልቃሽ ይሸኛል?

ስክሪኑ ላይ ግን ከሷ ወደ እኔም የሚመጣ መስመር አለ። "ይሄንንስ ማን ጻፈው? መዝገቡ ላይ የለም" አልኳት።

"ማንም አልጻፈውም። እሳቸው እህትዎ ከሆኑ እርስዎም እህታቸው ነዎት። ያልተነገረውን ከተነገረው ላይ ራሱ ያወጣዋል።"

ራሱ ያወጣዋል… ሌላ ምን ምን ያወጣ ይሆን?

የካቲት 6

አወጣ! ከታች ሰፈር ያሉ አንድ የተከበሩ ሰውዬ በሁለት ቤት ልጆች አሏቸው። ማንም ሳይናገር፣ ከዚህ አንድ መስመር፣ ከዚያ አንድ መስመር… ተገናኙ። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። እኔ ሚስትየዋን አውቃታለሁ፣ አልሳቅኩም። ዳግም፣ "ግራፍ አይዋሽም ማዘር" አለኝ። ያንን ድር ግራፍ ነው የሚሉት።

አይዋሽም። የምንዋሸው እኛ ነን።

የካቲት 9

ቀዩ ቀለም የእኛ በር ላይ። የሷ ንጹሕ በር ላይም። ውሃ ከጠፋ ሦስት ቀን።

የካቲት 14

ፍዮሪ ዛሬ ሻይዋን አልነካችም። እኔ ጋ መጣችና በሩን ገፋ አደረገችው።

"እትዬ ወርቄ፣ እማማ ቡዜ የእውነት እህትዎ ናቸው?"

"ምነው?"

ቀስ ብላ ነገረችኝ። እህት የሚለው መስመር "ዘመድ" ከሚለው ሥር ነው ያለው። አንድ ግቢ የሚኖሩ ዘመዶች አንድ ቤተሰብ ናቸው። ለአንድ ቤተሰብ ደግሞ አንድ ምትክ ቤት። ኮዱ እንዲህ ተብሎ ተነግሮታል፣ በቃ። ሁለታችንን ጠቀለለና ቤቱን በኔ ስም አወጣው። ከእትዬ ቡዜ ስም ሥር ደግሞ… ጥገኛ።

ጥገኛ! አርባ ዓመት ኖራበት ያመለጠችውን።

"በእጅሽ አስተካክይዋ የኔ እናት።"

"መስመሩ በዕድሩ ማኅተም ነው የገባው። ዕድሩ ስህተት ነው ብሎ ካልጻፈልኝ መንካት አልችልም። ዝርዝሩ የካቲት 25 ይዘጋል።"

"እሺ እህት የሚለውን ጎረቤት በይው።"

"የለም።"

"ምኑ?"

"ጎረቤት የሚባል መስመር። የተፈቀዱት ዓይነቶች ተዘርዝረው ነው የተሰጡን፣ ማለቴ እኛ አይደለንም ያወጣነው… እሱ የለበትም።"

ሰፈር ሊመዘግቡ መጥተው ጎረቤትን ረሱት? ወይስ አልረሱትም?

የካቲት 15

ነገርኳት። "ከኔ ጋር ትገቢያለሽ፣ ለሁለት አሮጊት አንድ ቤት ምን አነሰ?" አልኳት። ቁልፏን ጨበጠች።

"ወርቂቱ፣ አንቺ ደግ ነሽ። ግን የሰው በር ሳንኳኳ ነው ያረጀሁት። በዚህ እድሜዬ ልግባ ወይ አልልም።"

"እንግዲያ መሰረዝ አለበት። ከዕድሩ መዝገብም ጭምር።"

ቁልፉን ነጠላዋ ሥር መለሰች። ከዚያ፣ "እና ስሞት ማን ሊያለቅስልኝ ነው? ያ ማሽን?" ብላ ሳቀች። እኔ ግን እንባዬ መጣ።

"አታልቅሺ፣ ገና ነኝ" አለች። "ሰርዢው። ቤት ለቁም ነው፣ ለቅሶ ለሞት ነው። ቀድሞ የመጣው ይቅደም።"

የካቲት 20

የዕድር ስብሰባ። ግማሹ ሰው ምትኩን ሳይጠብቅ ለቆ ሄዷል። ባዶ አግዳሚ ይበዛል። ተነስቼ ተናገርኩ። "እትዬ ቡዜ እህቴ አይደለችም። ዋሽቼ ነው የጻፍኳት።"

"ሁላችንም እናውቅ ነበር" አሉ ጋሽ መዝገቡ። "ሳይነገር ስንት ዓመት ይኖር ነበር። ከተነገረ ግን ደንብ ነው። ጸሐፊዋ አንቺ ነሽ፣ ራስሽ ሰርዢው።"

ማስመሪያና ቀይ እስክሪብቶ አቀበሉኝ። ማስመሪያው ተንሸራተተብኝ። እትዬ ቡዜ ከኋላ ወንበር፣ "ቀጥ አርገሽ አስምሪ እንጂ!" አለችኝ። ሰው ሳቀ። ሰረዝኩ። ከጎኑ ፈረምኩ።

የካቲት 21

የዕድሩን ደብዳቤ ለፍዮሪ ሰጠሁ። እያየሁ ነው ያጠፋችው። አንዱን ስትነካው ሁለቱም ጠፉ፣ ከኔ ወደሷም፣ ከሷ ወደኔም። ድሩ እንደተያያዘ ቀረና የእትዬ ቡዜ ክብ ብቻዋን ጥግ ላይ ሄደች። አንድ መስመር ብቻ አላት።

ቡዜ — ትኖራለች — ቤት።

"ይሄው፣ በስማቸው ቤት አላቸው" አለች ፍዮሪ። ዓይኔን ግን አላየችኝም።

"ምን ደበቅሽኝ?"

"ኮዱ ዘመዶችን አንድ ሳይት፣ አንድ የምትክ ቤቶች ሰፈር፣ ያደርጋል፣ እትዬ ወርቄ። ዘመድ የሌለውን… ክፍት ቤት ወዳለበት ይልከዋል።"

መጋቢት 6

ተነሳን። እኔ ቅርብ ደረሰኝ። እሷ የከተማው ጫፍ… ከስታዲየም ሁለት አውቶቡስ፣ ከዚያ ባጃጅ። ዕቃዋ አንድ ፍራሽ፣ ሁለት ድስት፣ ሬዲዮዋ። አይሱዙው ላይ ከሹፌሩ ጎን ተቀመጠችና ሬዲዮውን እንደ ሕፃን አቀፈችው።

"በየቀኑ ደውዪልኝ፣ ሰማሽ?"

"የቀኑ ዜና ሲያልቅ" አለች።

ዞሬ ሳየው በሯ ተነቅሎ መሬት ላይ ተጋድሟል። ቀለሙ ወደ ላይ።

መጋቢት 19

ዛሬም ደወለች፣ በሰዓቷ። "ወርቂቱ፣ በሬ እኮ ከውስጥም ይቆለፋል!" ደስታዋ… እንደ ልጅ።

"ጎረቤትስ?"

"ብረት በር ነው ያለው። ከኋላው ማን እንዳለ እንጃ። ጠዋት ይወጣሉ፣ ሲመሽ ይገባሉ።" ቀጥላ፣ "የሳይቱ ጽሕፈት ቤት ሰው ቢያምዎት ማን ይጠራ ብሎኝ ያንቺን ስም ሰጠሁት። ኮምፒውተሩ አልቀበል አለው መሰለኝ። ምኗ ነው የሚለው ላይ ቆመ።"

ነገ ለፍዮሪ እነግራታለሁ።

መጋቢት 20

ፍዮሪ የለችም። ሥራው ተላልፏል፣ ግራፉ ከእጃቸው ወጥቷል አለ ዳግም። "አሁን የኛ አይደለም ማዘር።" የማን ነው ታዲያ?

ሚያዝያ 2

አልደወለችም። ካርድ አልቆባት ይሆናል።

ሚያዝያ 3

ዛሬም። እኔ ደወልኩ፣ አራቴ። ይጠራል… አይነሳም። ነገ ከሥራ ቀርቼ እሄዳለሁ። የዕድሩን መዝገብም እይዛለሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ሚያዝያ 4

ከበሯ ፊት ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፈው። እጄ ሥራ ካልያዘ አብዳለሁ።

በሩ ከውስጥ ተቆልፏል። አንኳኳሁ። ተጣራሁ። በድንጋይ መታሁት፣ ቀለሙ ብቻ ተላጠ። ጎረቤቶቹ የሉም፣ ሥራ ናቸው። ሬዲዮው ከውስጥ ይሰማል። የቀኑ ዜና አልቆ ዘፈን ገብቷል። አልዘጋችውም።

እየሮጥኩ ጽሕፈት ቤት ወረድኩ። ካሳይ የሚባል ሰውዬ ነው፣ ትሁት፣ ወንበር ሳበልኝ። "ያለ ዘመድ ጥያቄ የሰው በር አንሰብርም እናቴ። ምኗ ነዎት?"

"እህቷ።"

ስክሪኑን ነካካ። ከትከሻው በላይ እኔም አየኋት… ያቺው ክብ፣ ያው ጥጉ ላይ። "እህት የላቸውም ይላል። ማንም የላቸውም ነው የሚለው።"

መዝገቡን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ገጹን ገለጥኩለት። "ይሄው በማኅተም! እህት፦ ቡዜ። አንብበው፣ ከሥሩ ይነበባል።"

ጣቱን በቀዩ መስመር ላይ ጎተተ። "ይሄማ ተሰርዟል እናቴ። ማነው የሰረዘው?"

ፊርማው ከጎኑ ነው።

"እኔ" አልኩት።

ለፖሊስ ደውሏል፣ ይመጣሉ ብሎኛል። መቼ እንደሆነ አልነገረኝም። እኔ ተመልሼ በሯ ጋ ነኝ። ዘፈኑ አሁንም አለ… ግን ድምፁ እየቀጠነ ነው። ባትሪው እያለቀ ነው።