በረዶ ያልመታው ኮፈን

እሑድ 7/2/2016 በፈረንጆች፣ ጧት

ዛሬም እማ ቀድማኝ ወርዳለች። ሦስት ፎቅ፣ በዚያ ጉልበቷ። እርጥብ ጨርቅ ይዛ የወንድሜን መኪና ትወለውላለች። ቀይ፣ ሁለት በር፣ መሬት የሚልስ የጀርመን ስፖርት መኪና። ደሳለኝን ሕመሙ ከወሰደው ወዲህ፣ ከተዝካሩ ቀን በቀር ቆሞ ነው የከረመው። ይሸጥና እሷም ከደረጃው ትረፍ እላለሁ። ጨርቋን ጨምቃ መወልወሏን ትቀጥላለች። አንተስ ደብተር፣ ምን ትላለህ?

የሮሽ ሃዓይን አውቶቡስ ሊያመልጠኝ ነው። ፋብሪካ ልግባ።

ማክሰኞ 9/2

የመኪና ገማቹ መጣ፤ ሻማይ ይሉታል እዚህ እስራኤል። ቀለሙን በመለኪያ ነካካ። የፋብሪካው ቀለም ነው፣ ጥሩ። አራተኛ እጅ ነው፣ ቀነስ። ማርሚታው ተቀይሯል፣ ይጮኻል፣ ቀነስ። ኮፈኑ ጋ ሲደርስ አጎንብሶ በጎን አየው። ትናንሽ ስርጉዶች፣ ብዙ። በረዶ መትቶታል አለ። ይሄም ቀነስ።

ምን ልበለው? የሴቶች መዳፍ ነው ልበለው? እማ በጎንደር፣ በአባቷ ለቅሶ፣ የሟቹ በቅሎ ተጭና፣ ልብሱን ለብሳ ለቀስተኛው መሃል ስትገባ አይታለች። ለልጇም ተዝካር መኪናው ግቢ መሃል ይቁምልኝ አለች። ጃኬቱን ኮፈኑ ላይ ዘረጋች። አክስቶቼ ደረታቸውን ሲመቱ ቆይተው፣ ሲደክማቸው ብረቱን መቱት። ለካ ቀጭን ነው። በቅሎ እኮ አትሰረጎድም! ሳቄ መጣ፣ ወዲያው እንባዬ። ሻማዩ ዋጋው ያስለቀሰኝ መስሎት ውሃ አመጣልኝ።

ኀሙስ 11/2፣ ማታ

ሁለት ገዢ ተገኘ። አንዱ እዚሁ ቅርብ፣ ኤም ሃሞሻቮት ሰፈር። ኮፈኑንና ማርሚታውን ካስቀየርን ሻማዩ ካለው በላይ ይከፍላል። ሌላው ከሩቅ፣ የቤር ሼቫ ልጅ ነው። እንዳለ ይወስደዋል፣ ዋጋው ግን ወረድ ያለ ነው፣ በጣም።

የቅርቡ ይሻላል አልኩ። እማ አሁን መለሰችልኝ። "የአባቴን በቅሎ የሸጥናት ወንዝ ማዶ ነው ልጄ። ኮቴዋን እንዳንሰማ ብለን። ይኸም ሩቅ ይሂድ።" ማርሚታው ይቀየራል፣ በደጅሽ ቢያልፍም አታውቂውም አልኳት። ተቆጣች። የልጇን መኪና ድምፅ ማንም አይነካባትም።

ያ ድምፅ። ዓርብ ዓርብ ሰፈራችን፣ ማሃኔ የሁዳ መታጠፊያው ላይ ያጓራ ነበር። ጎረቤት ይሳደባል፣ እማ ድምፁን ስትሰማ ምድጃ ትለኩሳለች። ደሳለኝ ማቆሚያ ፈልጎ ፎቅ እስኪወጣ ወጡ ሞቆ ይጠብቀዋል። አንድም ቀን ቀዝቃዛ አልበላም።

የገዛው ዕለት ትዝ አለኝ። ስንት ዓመት የጭነት መኪና ነድቶ! እማን ጎን አስቀምጦ ከተማውን አዞራት። ሲመለሱ መውጣት አቃታት፤ ወንበሩ መሬት ነው። እኔ አንድ እጅ፣ እሱ አንድ እጅ ይዘን ስንጎትት ነጠላዋ በሩ ላይ ተያዘ። "ይህ መኪና ነው ጉድጓድ?" እያለች ሦስታችንም መንገድ ላይ በሳቅ ፈረስን። እንዴት ናፈቀኝ፣ ደብተር። ሳቁ ራሱ ናፈቀኝ።

ለቤር ሼቫው ደወልኩ። በዚህ ዋጋ ተይ የሚሉኝ ይበዛሉ። በሰደር፣ እሺ፣ ይበሉ።

ዓርብ 19/2

ልጁ መጣ። ትሑት ነው፣ ኮፈኑን እንኳ አልነቀፈም። እማ አልወርድም አለች። መወልወያ ጨርቋን ግን ሰጠችኝ፣ ለሱ ስጪው፣ አደራ በይው ብላ። ሰጠሁት። ግራ ገባው፣ ግን በሁለት እጁ ተቀበለ።

አስነሣ። መንገዱ ሁሉ አጓራ። የላይኛው ጎረቤት በመስኮት ብቅ አለ፣ አየኝ፣ ሳይሳደብ ተመለሰ። መኪናው ታጠፈ። ድምፁ እየሳሳ፣ እየሳሳ ጠፋ። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር የቆመበት አስፋልት ደረቅ አራት ማዕዘን ሆኖ ቀረ።

ፎቅ ወጣሁ። በሩን ስከፍት ቤቱ ወጥ ወጥ ይሸታል። እማ ማማሰያ ይዛ ምድጃው ፊት ቆማለች። ድስቱ ይንተከተካል። እኔን ስታይ ነው ማንን እንደጠበቀች የገባት። እጇ ወደ ማጥፊያው ሄደ።

አታጥፊው እማ አልኳት። ያላ፣ በይ አቅርቢ።

የደሳለኝ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። በትኩሱ በላሁ።