ከሽማግሌ በፊት

ጥር 19፣ ሰኞ፣ 11፡30

ዛሬ አራት ፍቺ፣ አንድ ውርስ፣ አንድ የአጥር ክርክር። ፍ/ቤቱ ፊት ለፊት ባለችው ጠባብ ክፍሌ የሰው አቤቱታ ስተይብ ውዬ ጣቶቼ ደንዝዘዋል። አራተኛዋ ሴትዮ ፊርማዋን አኑራ ስታበቃ አግብቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አላገባሁም። ጎበዝ ብላኝ ወጣች።

ደብተሬ፣ ይሄ ምልክት አይደለም በለኝ። ምክንያቱም ወስኛለሁ። ረድኤትን ላገባ ነው። ማለቴ ልጠይቃት ነው። (ከዚህ በኋላ «ረ.» እየተባለች ትጠቀሳለች። የሙያ በሽታ ነው፣ ቻለው።) ሦስት ዓመት አብረን ነን። ነርስ ናት፤ ቤተሰቦቿ አብነት ናቸው። እኔ ከእማዬ ጋር እዚሁ ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ።

ረ. አንድ ነገር ብቻ ነው የምትፈልገው። ታላቅ እህቷን ሽማግሌ ሲጠይቅ ልጅቷ ጓዳ ተቀምጣ ነበር። አባትየው ተስማምተው፣ ሽማግሌ መርቆ ከወጣ በኋላ ነው ተጠርታ የተነገራት። ልጁን ትወደው ስለነበር ቅር አላላትም። ረ.ን ግን እስከ ዛሬ ቅር ይላታል። አንድ ቀን ታክሲ ሰልፍ ላይ «እኔን ከሽማግሌ ቀድሞ ያልጠየቀኝ ሰው ሽማግሌዎቹን ያግባ» አለችኝ። እየሳቀች ነው ያለችው፤ ግን ቀልድ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ስለዚህ መጀመሪያ እሷ። ከዚያ ሽማግሌ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው።

ጥር 21፣ ረቡዕ፣ ምሽት 1፡00

የማርያም በዓል። ልደታ ማርያም አካባቢ ሕዝቡ መንገዱን ሞልቶት ቤት ለመድረስ አንድ ሰዓት ፈጀብኝ።

ከዚያ በፊት ናሆም ጋ ነበርኩ። ናሆም ጀለሴ ነው፤ ሠርግ ይቀርጻል። በስልኩ ሰዎች እንዴት «ፕሮፖዝ» እንደሚያደርጉ አሳየኝ። ፊኛ፣ በመብራት የተጻፈ ጥያቄ፣ የተነሰነሰ አበባ፣ አፏን የምትሸፍን ልጅ። አሥራ አንድ ቪዲዮ አየሁ፤ አሥራ አንዱም ላይ ልጅቷ አፏን ሸፈነች። እንዲህ ያለውን የሚያዘጋጅ አንድ ሆቴል ሰገነት ድረስ ሄጄ ዋጋ ጠየቅሁ። አስተናጋጇ በትሕትና ነገረችኝ። እኔም በትሕትና ደረጃውን ወረድኩ። በዚያ ብር ግማሽ ሠርግ ይደገሳል።

ለሻማ ብዬ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ የጧፍ ዋጋ ጠየቅሁ። ርካሽ ነው። ግን ረ. ጧፍ ደርድሬ ብታየኝ ማተቧን ነክታ ልታማትብ ነው። ተውኩት።

ግን ሐሳብ መጣልኝ። የኛ ብሎክ ጣራ! ሰው ልብስ የሚያሰጣበት፣ የውኃ ሮቶዎቹ የተደረደሩበት። ማታ ከዚያ ላይ ሆነህ ስታየው ከተማው ሁሉ መብራት ነው፤ ያንን መብራት ማንም አያስከፍለኝም። ቅዳሜ የካቲት 8፣ ልክ ሲመሽ።

ጥር 24፣ ቅዳሜ፣ 5፡00

የጣራው ቁልፍ ያለው ጋሽ ወርቁ ጋ ነው። የብሎካችን ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ የዕድራችን ዳኛ፣ የአባቴ ነፍሱን ይማረውና የልብ ጓደኛ። ከስብሰባ ውጭ ስብሰባ የሚመሩ ሰው ናቸው።

ቁልፍ ለምን? ልብስ ላሰጣ ነው አልኳቸው። በምሽት? ዝም አልኩ። እንደኔ ዓይነቱን ውሸታም ዳኛ ፊት ሲቆም ስንቴ አይቻለሁ፤ ዝም ሲል አለቀለት። ተናዘዝኩ።

ቁልፉን ወዲያው ረሱት። ተነሥተው አቀፉኝ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ አባትህ በኖረ አሉ። እኔም አለቀስኩ፤ አልዋሽህም። ከዚያ የማን ልጅ ናት፣ አገሯ የት ነው፣ አባቷ ምን ይሠራል፣ ጥያቄ በጥያቄ ላይ። ሽማግሌነቱን እንዲመሩልኝ ለመንኳቸው። እሑድ የካቲት 9፣ እሷን ከጠየቅሁ በማግሥቱ። እሺ፣ እሺ፣ እሺ። ሦስት ጊዜ ነው ያሉት።

ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። ዛሬ ዓለም የኔ ናት።

ጥር 25፣ እሑድ

ምሳ ከረ. ጋር፣ ሽሮ ቤት። እጇን ልትታጠብ ቀለበቷን አውልቃ ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጥ ቀልጠፍ ብዬ ትንሿ ጣቴ ላይ ሞከርኩት። እስከ አንጓዬ ገባ፤ እምቢ ብሎ ቀረ። ስትመለስ እጄ ከጠረጴዛው ሥር ነው። በግራ እጄ እየበላሁ መሆኔን አይታ ምን ሆነህ አለች። ሽሮው ላይ ዘይት አስጨምሬ በዘይቱ አወጣሁት። ቀለበቷ ወድቆ ነበር ብዬ ሰጠኋት። ለምን ዘይት እንደነካው አልጠየቀችም። ትልቅ ሰው ናት።

ልኩን ግን አወቅሁ።

ጥር 28፣ ረቡዕ፣ 12፡00

መርካቶ። ቀለበቱ ተገዛ፤ ብር ነው፣ ቀጭን፣ ንጹሕ። ናሆም ከአንድ ሠርግ የተረፈ የመብራት ገመድ ያውሰኛል። አበባ የለም። ፊኛ የለም። ካሜራ ይኑር አለ፤ እምቢ አልኩ፤ ተኮራረፍን፤ ሻይ ጋበዘኝ፤ ታረቅን።

ችግሩ ንግግሩ ነው። ሦስት ቀን ሞከርኩ። የመጀመሪያው ረቂቅ «አመልካች ላለፉት ሦስት ዓመታት» ብሎ ይጀምራል። ቀደድኩት። ሁለተኛው መጨረሻ ላይ «እንዲወሰንልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ» ይላል። የሰውን ልብ ጉዳይ በቀን አምስቴ እየጻፍኩ የራሴን አንድ መሥመር ማውጣት አቃተኝ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች እንዲሉ።

እውነቱ ቀላል ነው። ረ. ስትስቅ ቀኔ ይቃናል። ሲከፋት ምሳ አይበላልኝም። ይሄን እንዴት አድርጌ ነው ጣራ ላይ ቆሜ የምናገረው?

ጥር 30፣ ዓርብ፣ ምሽት 2፡00

ደብተሬ፣ ጉድ ሆኛለሁ።

ከሥራ ስመለስ እማዬ የአባቴን ካፖርት እየተኮሰች አገኘኋት። ለማን ነው? ለጋሽ ወርቁ ጓደኛ፣ ለሽማግሌነቱ። ገና ሳምንት አለ እኮ እማዬ። ቀና ብላ አየችኝ። ከነገ ወዲያ ነው አለች።

አንድ ፎቅ እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ጋሽ ወርቁ ተረጋግተው ተቀምጠዋል፤ የግድግዳ ካሌንደር ጭናቸው ላይ ዘርግተዋል። አስረዱኝ። የልጅቷ ወገን የሁለት ሳምንት ቀጠሮ መስጠቱ አይቀርም። የካቲት 9 ብንሄድ ለመልሱ የምንጠራው የካቲት 23 ነው። ሁዳዴ 17 ይገባል። እና? እናማ የምሥራች በሽሮ ሊሰማ ነው አሉኝ። የካቲት 2 ብንሄድ ግን መልሱ 16 ይውላል፤ የቅበላ እሑድ! ዶሮው አለ፣ ክትፎው አለ፣ ምርቃቱም ከሆድ ይወጣል። ይህን ያገኙት ሦስቱ ሽማግሌዎች አንድ ላይ ቁጭ ብለው ቆጥረው ነው። ለአባትየውም በሰው በኩል እሑድ ጠዋት ከቤት እንዳይጠፉ ተልኮላቸዋል።

እኔ ገና አልጠየቅኋትም አልኳቸው። ጠይቃት ታዲያ፣ ማን ከለከለህ አሉ። ለሳቸው ጥያቄው እንደ ጉሮሮ ማጽጃ ነው፤ ዋናው ንግግር የሳቸው ነው። ቀኑን ይመልሱልኝ ብዬ ለመንኩ። የተላከ ቃል አይታጠፍም፤ ብናስቀር አባትየው ተንቄአለሁ ይላል፣ ያኔ ቅበላም ፋሲካም የለህም አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የሚያናድደው እሱ ነው።

ረ. ስልክ አታነሳም። ተረኛ ናት፤ እስከ ነገ ከሰዓት ክሊኒክ ነች። አባቷ ቢነግሯትስ? ከኔ አፍ ሳትሰማ ከሳቸው ብትሰማስ? ይቺን አንዲት ነገር ነው የለመነችኝ። ፈርቻለሁ።

የካቲት 1፣ ቅዳሜ፣ 9፡00

ተፈጸመ። እንደሆነው ልጻፈው።

2፡30 ክሊኒኩ ደረስኩ። ዘበኛው ለሠራተኛ ጠያቂ አይገባም አለኝ። በሽተኛስ? በሽተኛማ ይገባል። ካርድ አወጣሁ። የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ምንህን ነው ያመመህ ሲለኝ ሁሉንም አልኩት። ከአንድ የሚያስል ሽማግሌና ከሁለት እርጉዞች ኋላ ተራ ያዝኩ። ቀለበቱ የሸሚዜ ኪስ ውስጥ።

ደም ግፊት የምትለካው እሷ ናት። ስገባ ክው አለች። ምን ሆንክ እያለች እጄን ይዛ አስቀመጠችኝ። ክንዴ ላይ ጨርቁን ጠመጠመች፣ ማዳመጫውን ጆሮዋ ውስጥ ሰካች፣ ትነፋ ጀመር። እኔ ደግሞ የዚያን ጊዜ ጠየቅኋት። አንድ ትንፋሽ ነው የፈጀብኝ፤ ሦስት ቀን ከጻፍኩት አንዲት ቃል አልነበረችበትም። እሷ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ዝም አሰኘችኝ። አልሰማችኝም! ቁጥሩን እየጠበቀች ነው።

ማዳመጫውን ስታወልቅ 150 በ95 አለች። ጨው አትብላ አለች። ረድኤት አግቢኝ አልኳት።

ጨርቁ ክንዴ ላይ እንደተጠመጠመ ነው። ክፍሏ ልንበርከክ ብልም ቦታ የላትም። ቀለበቱን አውጥቼ ጥጡና መርፌው ያለበት ትሪ ላይ አስቀመጥኩት። አፏን አልሸፈነችም። ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች። አባዬ ነገ እንግዳ አለ ብሎ ደውሎልኝ ነበር አለች።

ሽማግሌዎቹ ነገ ባይመጡ ዛሬ ትጠይቀኝ ነበር ወይ አለችኝ። ደብተሬ፣ መዋሸት ይቻል ነበር። አልዋሸሁም። አይ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ነበር፣ ጣራ ላይ፣ መብራት ሁሉ ተውሼ ነበር አልኳት። ስለ ሁዳዴው፣ ስለ ካሌንደሩ፣ ስለ ዶሮው ሁሉንም ነገርኳት። ዶሮው ላይ ስደርስ ከንፈሯን ነክሳ ወደ ግድግዳው ዞረች። ትስቅ ይሁን ታልቅስ ጀርባዋ አይናገርም።

ውጭ ሰው በር አንኳኳ። ቀለበቱን ከትሪው አንሥታ ጋውኗ ኪስ ውስጥ ከተተችው፤ ጣቷ ላይ አይደለም፣ ኪሷ ውስጥ። «ሰምቻለሁ» አለች። ካርዴን ሰጠችኝ። ቀጣዩን ጠራች።

ሰምቻለሁ ማለት ምን ማለት ነው? ዳኛ «ተሰምቷል» ሲል መዝገቡን ሊዘጋም ሊቀጥርም ይችላል። እኔ ግን ጠይቄአለሁ። ከሽማግሌ በፊት፣ በአንድ ቀንም ቢሆን፣ ከራሴ አፍ።

የካቲት 2፣ እሑድ፣ ጠዋት 3፡30

ሄዱ። ሦስቱም ነጭ ለብሰው፣ ጋሽ ወርቁ ከፊት በከዘራ። አንደኛው ከነጩ በላይ የአባቴን ካፖርት ደርቧል፤ አባቴ መካከላቸው ያለ መሰለኝ።

ረ. ስልኳን ዘግታለች። ጠያቂው ልጅ መሄድ ነውር ነው፤ ቤት ተቀምጬ እጠብቃለሁ። እማዬ ሳሎኑን ሁለት ጊዜ ጠርጋለች። ሰዓቱ አይሄድም። እዚህ ጓዳ ውስጥ ተቀምጬ ስለኔ ሕይወት ሌላ ሰው ቤት ምን እንደሚባል አላውቅም። ረ. እህቷ ስለተቀመጠችበት ጓዳ የነገረችኝ ዛሬ ነው የገባኝ። ይሄን ነበር ስትለኝ የነበረው።

7፡15

ተመለሱ። ጋሽ ወርቁ ውኃ ካልጠጡ አይናገሩም። ጠጡ። አሁንም አይናገሩም። እማዬ በሞቴ አለች።

እንደ ደንቡ በር ላይ ቆመዋል፤ ካልሰማችሁን አንቀመጥም ብለዋል። ጋሽ ወርቁ ጉሮሯቸውን ጠርገው ሊጀምሩ ሲሉ ረ. ከጓዳ ወንበር ተሸክማ ወጣች። አባቷ ጎን አስቀመጠችና ተቀመጠችበት። አባትየው መሬት መሬት አይተው፣ ልጄ የምትለው አላት አሉ።

ያለችውን ጋሽ ወርቁ ቃል በቃል ነገሩኝ፤ እኔም ቃል በቃል እጽፈዋለሁ። «አባቶቼ፣ ከእናንተ በፊት ራሱ ጠይቆኛል። ትናንት፣ ሥራ ቦታዬ መጥቶ። ለእሱ አልመለስኩለትም፤ እዚሁ አባቴ ፊት በራሴ አፍ ልናገረው ፈልጌ ነው። እሺ ብያለሁ። እሱ ከእናንተ ይስማው። እስቲ አንድ ጊዜ ወንዱም ቤቱ ተቀምጦ ይጠብቅ።» ከዚያ ቀለበቱን ከኪሷ አውጥታ አደረገችው። ልኳ ነው።

እማዬ እልልታዋን ለቀቀችው፤ የላይኛው ፎቅ መለሰላት። እኔ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ዓይኔን መቆጣጠር አልቻልኩም፤ አላፈርኩም።

ጋሽ ወርቁ ተኮሳትረዋል። ስንት ዓመት ሽማግሌ ሲሄዱ ንግግራቸውን ማንም ነጥቋቸው አያውቅም። አባትየው ግን ደንብ ደንብ ነው ብለው የሁለት ሳምንት ቀጠሮ ሰጥተዋል። የካቲት 16። ጋሽ ወርቁ ይህን ሲሉ ፈገግታቸውን መደበቅ አልቻሉም። በር ላይ ቆም ብለው ልጅቷ ካንተ ትበልጣለች፣ እወቀው አሉኝ። አውቃለሁ ጋሼ አልኳቸው።

ስልኬ እየጠራ ነው። እሷ ናት። ጠዋቱን ሙሉ አስጠብቃኛለችና እኔም አምስት ጊዜ እስኪጠራ አላነሳም። አንድ። ሁለት። እንደውም ስድስት። ሦስት። አልቻ