ስልክ የማይሠራበት ደሴት

ሰኞ፣ ጥር 4

ክሮይደን፣ ለንደን ዳር። ሦስት ፎቅ ቢሮ ጠረግኩ። ጉልበቴ ዛሬም... እንደ ሌላው ቀን።

ስገባ ያኤል ሻይ አፍልታ ጠበቀችኝ። ልጄ ሻይ ካፈላች አንድ ነገር አላት።

"እማዬ፣ ከሥራ ኦፍ ጠይቂ። ጊዲዮን ጀልባ ተከራይቷል። ካሪቢያን ልንሄድ ነው፣ ካንቺ ጋር።"

ባሏ ሸራ ያለው ጀልባ መንዳት ተምሮ ፈተና አልፏል። ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ጀልባ ላይ ይወጣል? ያውም የልጄ የማርቆስ እህት?

"አልሄድም።"

"ጸጥ ያለ ደሴት ነው። ሰውም ብዙ የለበትም። ስልክ እንኳ አይሠራም አሉ።"

ሻዬን ይዤ ወደ መኝታዬ ገባሁ።

ረቡዕ፣ ጥር 6

እሄዳለሁ አልኳት። ለምን እንደሆነ አልጠየቀችም።

እሑድ፣ ጥር 10

ቸርች። የጸሎት ወረቀቱ ሲዞር "ልጄ ማርቆስ ከሄደበት ይመለስ" ብዬ ጻፍኩ። ከሊቢያ ጀልባ ከተሳፈረ ዐሥራ አንድ ዓመት። በሃምሳ ስድስት ዓመቴ ፊደል የቆጠርኩት ይህችን መስመር በገዛ እጄ ለመጻፍ ነው። ሌላ ሰው ሲጽፍልኝ ከንፈሩን ይመጥ ነበር። ጠላሁት።

አስከሬን ሳላይ ለቅሶ አልቀመጥም። ያኤልንም በቤቴ እንዳታለቅስ ከልክያለሁ።

ለቸርች ጓደኛዬ ለእንግዳወርቅ በጀልባ ልሄድ ነው አልኳት። ኡኡ አለች። ከሰዓት አራት የቸርች ሴቶች አስከትላ መጣች፣ ድስት ሁሉ ይዘው።

"ፓስፖርት እያለሽ በጀልባ?"

"ለመዝናናት ነው።"

"ጌታ ሆይ! ለይቶላታል!"

የሦስት ቀን ጾም ታወጀልኝ። ድስቱን ግን ትተውልኝ ሄዱ።

ሰኞ፣ ጥር 25

ካሪቢያን በአውሮፕላን ደርሰን ጀልባው ላይ ነን። ሁለቴ አስመለሰኝ። ጊዲዮን "እማማ፣ ጃኬቱን እንዳያወልቁ" ይላል። ሦስት ሰው ነን፣ ሦስት የዋና ጃኬት።

ማርቆስ ጃኬት ነበረው?

ማክሰኞ፣ ጥር 26

ደረስን። እውነትም ጸጥ ያለ። ጥቂት ቤቶች፣ ፍየሎች፣ ኮኮናት የሚሸጥ አንድ ጎልማሳ። በማርቆስ ዕድሜ ይሆናል። እንዲህ ያለ ቦታ አለ ማለት ነው... ለማንም ነግሬ አላውቅም እንጂ ዐሥራ አንድ ዓመት የኖርኩት በዚህ ነው። አንድ ደሴት ላይ ወጥቷል፣ ስልክ የለም፣ ስለዚህ አልደወለም።

የኮኮናት ሻጩ ኪስ ጮኸ። አነሳ። እየሳቀ ያወራል።

"ማን ነው?" አልኳት ያኤልን።

"እናቱ። ምሳ በልተሃል ወይ እያለችው ነው መሰለኝ።"

"ስልክ አይሠራም አላልሽም?"

"እንደዚያ ነበር የሰማሁት። ዛሬ ስልክ የማይሠራበት የት አለ፣ እማዬ?"

አሸዋው ላይ ቁጭ አልኩ።

"ማርቆስ ዋና ይችል ነበር?"

ያኤል አጠገቤ ተቀመጠች። "አይችልም ነበር።"

ሐሙስ፣ የካቲት 5

ሥራ። ሦስት ፎቅ። ማንም አላናገረኝም፣ ተመስገን።

እሑድ፣ የካቲት 8

ወረቀቱ ዞረ። ሳልጽፍ ለእንግዳወርቅ አቀበልኳት።

"ማርቆስን ረሳሽው እንዴ?"

"አልረሳሁም። ነገ ለቅሶ እቀመጣለሁ። ለሴቶቹ ንገሪ።"

ልታቅፈኝ ስትመጣ እጇን ገፋሁት። ነገ ታቅፈኛለች። ድስት መያዝ ይወዱ የለ፣ ያምጡ።

ያኤል ከቸርች ሃያ ወንበር ተውሳ መኪና ላይ እየጫነች ነው። ጮክ ብላ ታለቅሳለች፣ መንገደኛው ዞሮ ያያታል። አልከለከልኳትም።