በርጩማ የማያስገባው አርአያ ኩሽና

ለተከበሩ አቶ ማቲያስ፣
የጎሕ ቀደደ የቤት ሠሪዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር የዲዛይን ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
መቐለ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላ ቤተሰብዎን ጤንነት፣ በተለይም የጉልበትዎን ደኅንነት እመኛለሁ። ጉልበትን ለይቼ ያነሣሁበትን ምክንያት ዝቅ ብለው ያገኙታል። እኔ ሰርካዲስ እባላለሁ፤ ከደብረ ብርሃን በትዳር መጥቼ እዚሁ መምህርነት የያዝኩ፣ ከማኅበራችን ጠባብና ረጃጅም ቤቶች በአንዱ ከባለቤቴ ከሃፍታይና ከእናቱ ከኣደይ ለተኪዳን ጋር የምኖር፣ ባለፈው ወር ኩሽናዬ በኮሚቴዎ «አርአያ» ተብሎ የምስጋና ወረቀት የተሰጠኝ አባል ነኝ። ምስጋናዬን እስከ ዛሬ ያዘገየሁት አፍሬ ነው።

፩ኛ. ኮሪደር ከሚመስል ቦታ ኩሽና ስላወጡልን አመሰግናለሁ። በግራ ማጠቢያውና ካቢኔቱ፣ በቀኝ ምድጃውና ማቀዝቀዣው፣ መሐሉ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ የሚዞርበት መተላለፊያ ነው፤ ቆሜ እጄን ስዘረጋ የማልደርስበት ዕቃ የለም። ይህን ያለ ሽሙጥ ነው የምጽፈው። ከትምህርት ቤት ደክሞኝ ስገባ ራት እንዲህ ቶሎ ደርሶልኝ አያውቅም፤ በጣም ነው የወደድኩት።

፪ኛ. ምግብ የሚሠራ ሰው ሁልጊዜ ብቻውን እንደሚሆንና ሁልጊዜም እንደሚቆም ስለወሰኑልን ከልብ አመሰግናለሁ። የኔዋ አማት ይህ ውሳኔ ሳይደርሳቸው ነው ያረጁት። ኣደይ ለተኪዳን ብዙ መቆም አይችሉም፤ ቢችሉም እንኳ የሚሠሩት በርጩማቸው ላይ ቁጭ ብለው፣ ትሪውን ጭናቸው ላይ አድርገው ነው። ካቢኔቱ ከመገጠሙ በፊት ወደ ኩሽና ብቅ ያለ ሁሉ አጠገባቸው ተቀምጦ ነጭ ሽንኩርት እየላጠ የዋለበትን ያወራ ነበር። ጥሕሎ የሚሠሩ ቀን የገብሱን ሊጥ የሚያድቦለቡል እጅ ስለሚፈለግ ቤተሰቡ በሙሉ ይከባቸው ነበር። እኔ ራሴ ትግርኛ የለመድኩት፣ ሰው አገር መምጣቴንም የረሳሁት እዚያው እግራቸው ሥር ነው።

፫ኛ. ለጉብኝት የላኩት ባለሙያ ያንን በርጩማ «መተላለፊያ የሚዘጋ ዕቃ» ብሎ ስለመዘገበልን ምስጋናዬ የላቀ ነው። አልተሳሳተም። እሳቸው ከተቀመጡ የታችኛው ካቢኔት አይከፈትም፣ እኔም ማለፍ አልችልም። በዚህ ጥበት ውስጥ ከካቢኔቱና ከሰው አንዱ መውጣት ነበረበት፤ ካቢኔቱ ደግሞ በብሎን ታስሯል።

፬ኛ. ይህኛውን በእርስዎ ላይ ልጽፈው ብዙ ሞክሬ አልሆነልኝም። በርጩማውን ወደ በረንዳ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ለጉብኝቱ ቀን ብቻ ብዬ ነበር። ጉብኝቱ አለፈ፣ ወረቀቱም መጣ፣ በርጩማውን ግን መልሼ አላስገባሁትም። ረስቼው አይደለም፤ እንደ ልብ መዞሩ ጥሞኝ ነው። እሳቸው ነፋስ ላይ ተቀምጠው ሽንኩርት እየከተፉ በበሩ ያቀብሉኝ ጀመር። አይበርድዎትም ወይ ስላቸው «ደሓን እየ፣ ጓለይ» ይሉኛል፤ ደኅና ነኝ ልጄ ማለታቸው ነው። እንዳልሆኑ እያየሁ አመንኳቸው፤ ማመኑ ይመቸኝ ነበርና።

ባለፈው እሑድ ቁሓ ያለች እኅቴን ልጠይቅ ብለው ተነሡ። እኅቱን ሊጠይቅ የሚሄድ ሰው ነጠላውን ይዞ ይሄዳል፤ እሳቸው ግን በርጩማቸውን ይዘው ሄዱ። ባለቤቴ ባጃጁ ድረስ ተሸክሞላቸው ተመለሰና በርጩማው የነበረበትን የበረንዳ ጥግ ጠረገ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አሁን በዚያ ምርጥ ኩሽና ውስጥ ማንንም ሳልገፋ፣ ማንም ሳይገፋኝ ራት አደርሳለሁ፤ ቀርቦም የሚበላው የለም።

ስለዚህ ክቡር ሰብሳቢ፣ ለቀሪዎቹ አባላት በሚያወጡት ዲዛይን ላይ ከማጠቢያው ጎን፣ ታች፣ ካቢኔት የሌለበት ባዶ ቦታ እንዲተውልን በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ። ለምን እንደሚያገለግል ባለሙያዎ ከጠየቀዎት፣ ለሰው ነው ይበሉልኝ።

ጤናና ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁልዎ፣ ይህን ደብዳቤ ቁጭ ብላ እንድትጽፍ ደንቡ ያልከለከላት፣
ታዛዥዎ ሰርካዲስ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በመጪው ቅዳሜ አርአያውን ኩሽና ሊያሳዩዋቸው አባላትን ይዘው እንደሚመጡ ሰምቻለሁ። ሃፍታይ በሩን ይከፍትላችኋል፤ እኔ ቁሓ ነኝ፣ ኣደይ ለተኪዳን ደጅ፣ ግቢ እስኪሉኝ ቆሜ እጠብቃለሁ። መቆሙን እርስዎ አስለምደውኛል። የግራውን የታችኛ ካቢኔት ያለ ፈቃድዎ ዛሬ ነቅዬዋለሁ፤ በደንቡ መሠረት ይጠይቁኝ። የሰጡኝን የምስጋና ወረቀት እዚያው ባዶው ቦታ ላይ፣ በበርጩማ ቁመት ለጥፌዋለሁ። ማንበብ ለሚፈልጉ እንግዶችዎ መቀመጫ ስለሌለን፣ እባክዎ እንዲንበረከኩ ይንገሩልኝ።